የሚያጉረመርመው አምፕሊፋየር

ፈንታሌ ከተማ ውስጥ እንፋሎቱ ቀን ከሌት ይጮኻል፤ የሚሰማው ሰው ግን የለም። ከተራራው ሆድ የሚወጣው ትኩስ እንፋሎት በየመንገዱ በተዘረጋው ቱቦ እያፏጨ ተርባይን ያዞራል፣ መብራት ያበራል፣ የገላ ውኃ ያሞቃል፤ ጩኸቱን ደግሞ አጣሪው ይውጠዋል። አጣሪ የሚሉት ጆሮ ውስጥ የሚቀመጥ፣ የአተር ፍሬ የሚያህል ማዳመጫ ነው። የመጣውን ድምፅ ሁሉ ይመረምርና የሚጠቅመውን ያሳልፋል፣ የማይጠቅመውን ያስቀራል። ስልኩም፣ ሙዚቃውም፣ ጌሙም ወደ ጆሮ የሚገባው በእሱ በኩል ነው። በዚህ ከተማ ልጅ ክርስትና ሳይነሳ አጣሪ ይገባለታል እየተባለ ይቀለዳል፤ ቀልዱም ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

መክሊት ከአጣሪዋ ጋር የተጣላችው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጉግስ ነው። ጉግስ የድሮውን የፈረስ ጨዋታ አስመስለው የሠሩት ጌም ሲሆን፣ ተጫዋቾቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይጋልባሉ፤ አንዱ ዘንግ ይወረውራል፣ ሌላው በጋሻ ይመክታል። ከኋላ የሚያሳድደውን ፈረስ ተጫዋቹ የሚያውቀው በኮቴው ድምፅ ብቻ ነው። የመክሊት አጣሪ ኮቴውን አለስልሶ፣ ከግራ ይሁን ከቀኝ ሳይለይ ያመጣላታል። ዘንጉ ጀርባዋ ላይ ካረፈ በኋላ ነው «ለካ በዚህ በኩል ነበር» የምትለው።

ሁለተኛው ሮክ ነው። ታናሽ ወንድሟ ታዲዮስ ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ከጓደኞቹ ጋር ጋራዥ ውስጥ የቀዳው አንድ ዘፈን አላት። የዚያን ቀን አጣሪዋን አውልቃ ስለነበር ጊታሩ እንዴት እንደጮኸ ታስታውሳለች፤ የተሰነጠቀ፣ የሚቧጭር፣ የጋራዡን ቆርቆሮ የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ነበረው። እንዲያውም ጆሮዋን ይዛ «ኧረ ጩኸትህ አስመረረኝ!» ብላው ነበር። አሁን በአጣሪው ስታዳምጠው ያ ሁሉ መሻከር ታጥቦና ተተኩሶ፣ ለሕፃን ማስተኛ የሚሆን ነገር ሆኖ ይመጣል። ያንን ጩኸት በማጣቷ ታለቅሳለች ብሎ የሚገምት ሰው አልነበረም፤ እሷ ግን አልቅሳለች።

ታዲዮስ የሚኖረው ቁልቁል ሰፈር ነው። ቁልቁል ሰፈር ከከተማው በታች፣ እንፋሎቱ ከሚነሳበት ጥልቀት አጠገብ፣ ጉድጓዶቹን የሚጠብቁ ሠራተኞች ያሉበት መንደር ነው። የወረደ ሰው ሰውነቱ ከታችኛው የአየር ግፊት ጋር ስለሚላመድ እንደ ዘመድ ጥየቃ ወጣ ገባ ማለት የለም። ሲወጣም መውጫው ክፍል ውስጥ እንደ አራስ ተከልሎ መሰንበት አለበት። ስለዚህ ውሉ አምስት አምስት ዓመት ነው። የታዲዮስ ውል ያለቀው በዚህ ሳምንት ሲሆን፣ የሚወጡ ሰዎች መመዝገቢያ የሚዘጋው ዛሬ ቅዳሜ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ያልተመዘገበ ሌላ አምስት ዓመት ፈረመ ማለት ነው።

ቅዳሜ ከአሥር ሰዓት በኋላ ወደ ታች የሚሄደው መስመር ለቤተሰብ ይከፈታል። መስመሩ ድምፅንና የጉግሱን ፈረሶች እንጂ የሰው ፊት አያሳይም። መክሊት በዚያ መስመር ላይ ከታዲዮስ ጋር ተጣምራ ጉግስ ስትጫወት፣ በየጨዋታው መሐል፣ ሦስት ጊዜ «ታዲ፣ ትወጣለህ አይደል?» ብላ ጠይቃዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ያገኘችው ዝምታ ነው። ኩሩ ሰው ናትና አራተኛ አልጠየቀችም። ፈረሷን ኮርኩራ ጨዋታዋን ቀጠለች።

እንግዲህ ዛሬ፣ ቁርጡ በሚታወቅበት ቀን፣ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። መክሊት መጠበቅ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ሁለት ጊዜ ጠረገች፣ ያልቆሸሸ ድስት አጠበች፣ ከዚያ በድንገት «አዲስ ሄድፎን እገዛለሁ!» ብላ ወጣች። ምክንያትም አዘጋጀች፤ የመጨረሻዋን ጨዋታ ማሸነፍ አለብኝ፣ የወንድሜንም ጊታር እንደነበረው ልስማው አለች። የእውነቱን ለመናገር ግን እጇ አንድ ነገር ካልያዘ ልታብድ ነበር።

የጋሽ ሮባ ሱቅ ምድር ቤት ነው፤ ግድግዳው በሙሉ በስፖንጅ ተደፍኗል። በሩ ላይ አንድ ሳህን አለ። የገባ ሁሉ፣ ቤተ ክርስቲያን ጫማ እንደሚወልቅ፣ አጣሪውን አውልቆ እዚያ ያስቀምጣል። ያለ አጣሪ ጆሮ ሳይታመም መቆየት የሚቻልበት ቦታ በከተማው ውስጥ ከዚህ ሌላ ብዙ የለም።

«ጋሽ ሮባ፣ ቶሎ ይበሉኝ! ለጌምም ለሮክም የሚሆን ሄድፎን፣ የሚነዳውን አምፕሊፋየርም እፈልጋለሁ። አሥር ሰዓት ላይ ቤቴ መገኘት አለብኝ።»

ጋሽ ሮባ ሽበታም፣ ረጅም፣ ነገር ማጣጣም የሚወዱ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩዋት። «መጀመሪያ ሰላም ይባላል፣ ልጄ።»

«ሰላም ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ለጌምም ለሮክም? እያረሰች የምትታለብ ላም ፈለግሽ በይኛ!» ሳቁና ከመደርደሪያው ወፍራም ጥቁር ሄድፎን አወረዱ። «ይኼ ጀርባው ዝግ ነው። የከተማውን ጩኸት አያስገባም፣ ያንቺንም ሙዚቃ ለጎረቤት አያቀብልም። ሞክሪው።»

ይዛ በመጣችው ትንሽ የማጫወቻ ሳጥን ዘፈኑን ከመሐሉ ከፈተችው። ከበሮው ደረቷን መታት፤ ባሱ ወፍራምና ሙሉ ነበር። ፊቷ በራ። ቀጥላ የጉግሱን ልምምድ ከፈተች፤ ወዲያው ፊቷ ጨለመ።

«ፈረሱ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ነው የሚጋልበው! ከኋላ የሚመጣውን በምን ልለየው?»

«ዝግ ነገር እንዲያ ነው፣ ሁሉንም ወደ ውስጥ ይሰበስባል። እንግዲያው ይኼን እንኪ።» ሁለተኛው ጀርባው ወንፊት የሚመስል ሽቦ ነበር። «ጀርባ ክፍት ይባላል። ድምፁ እንደ ሜዳ ይሰፋል። ታዲያ ሜዳ አጥር የለውም፤ የከተማው እንፋሎትም ሳያንኳኳ ይገባብሻል። እቤት መስኮትሽን ድፈኚ።»

መክሊት አደረገችው። ከግራ ኋላዋ ኮቴ ሲመጣ ሳታስበው አንገቷን አዞረች፤ ጋሽ ሮባ ከት ብለው ሳቁ። ሮኩ ግን ቀጠነ። ባሱ ከሩቅ ሠርግ ቤት እንደሚሰማ ከበሮ ሆነ። ሄድፎኑን ነጥቃ አወለቀችው።

«ይኼም አይሆንም!»

«ቆይ እንጂ፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? ሄድፎኑን አትውቀሺው። ጉልበታም በሬ ነው፤ ያቺ ሚጢጢ ሳጥንሽ አትነዳውም። አምፕሊፋየር ማለት ለዚህ ነው። ደካማውን ድምፅ አጉልቶ፣ ከባዱን ሄድፎን የሚያንቀሳቅስ።»

ሁለት አምፕሊፋየሮች አመጡ። የመጀመሪያው አዲስ፣ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ነው። ሲከፈት ድምፁ ጉልበት አገኘ፣ ባሱም ተመለሰ። ግን ያ ጊታር እንደገና ታጥቦ መጣ። ለካ አዲሶቹ ሁሉ ውስጣቸው አጣሪ አብሮ ተሠርቶባቸዋል። ሁለተኛው ቀለሙ የለቀቀ ብረት ሲሆን፣ ጀርባው ላይ ትንንሽ አምፖል የሚመስሉ የመስታወት ቱቦዎች ተተክለውበታል። ቱቦዎቹ እስኪግሉ መጠበቅ ያስፈልጋል። መክሊት ሱቁን ከዳር እስከ ዳር ተመላለሰችበት።

ሲግል አንድ ድምፅ መጣ። እምምምም የሚል፣ የማያቋርጥ ዝቅተኛ ጉምጉምታ።

«ያጉረመርማል!» አለች።

«ያጉረመርማል። ዕድሜው ነው፣ እኔም አጉረመርማለሁ። ጠልተሽው ከሆነ አዲሱን ውሰጂ። ይኼ ምንም አይመርጥልሽም፤ የሰጠሽውን ሁሉ፣ የራሱንም ጨምሮ ያሰማሻል።»

ሰዓቱን አየች። ለመወሰን ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረችው።

ያንን መጀመሪያ በቃሏ ታውቀዋለች። ከበሮ መቺው «ታዲ፣ ዝግጁ ነህ?» ይላል። ታዲዮስ አይመልስም። ትንሽ ዝምታ ይሆንና ጊታሩ ይፈነዳል። ሁልጊዜ በዚያች ዝምታ ላይ ትናደድ ነበር፤ ሰው ሲጠይቀው መልስ የማይሰጥ ጉረኛ እያለች።

አሁን ከበሮ መቺው «ታዲ፣ ዝግጁ ነህ?» አለ።

ከጉምጉምታው ወዲያ አጭር ትንፋሽ ተሰማ፤ ወደ ውስጥ ሳብ የተደረገች። ከዚያ ጊታሩ ፈነዳ። የተሰነጠቀው፣ የሚቧጭረው፣ ያ የምትናፍቀው ጩኸት ጆሮዋን ሞላው። እሷ ግን አልሰማችውም። ወደ መጀመሪያው መለሰችው።

«ዝግጁ ነህ?» ትንፋሽ። መለሰችው። «ዝግጁ ነህ?» ትንፋሽ።

አዎ ማለቱ ነበር። እናቷ፣ ጎረቤቷ፣ አስተማሪዋ፣ እሷ ራሷ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሉት፣ አፍን ገርበብ አድርጎ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ። ማንም ያላስተማረው፣ ማንም እንደ ቃል ቆጥሮት የማያውቀው አዎ።

መክሊት ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመች። ቀስ ብላ ወደ ሳህኑ ሄደች፣ አጣሪዎቿን አንስታ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች፣ ለጋሽ ሮባም ጀርባዋን ሰጠች።

«ጋሽ ሮባ፣ ዛሬ ምሳ በልተዋል?»

ዝም።

«ጋሽ ሮባ! በልተዋል ወይ?»

ዝም። ዞር አለች። «ለምን አይመልሱልኝም?»

«ሁለቴ መለስኩልሽ እኮ! ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?»

አጣሪዎቹን አውልቃ ሳህኑ ላይ ወረወረቻቸው። «ትንፋሹን በላው» አለች።  «አጣሪው እንፋሎትን እንዲያስቀር ነው የተሠራው። ትንፋሽ ሲሳብ ያፏጫል፣ እንፋሎትም ያፏጫል። አንድ አደረጋቸው። የሠሩት ሰዎች አገር አዎ የሚባለው በቃል ብቻ ነው መሰለኝ፤ ማን ነግሯቸው! እዚህ ስንተያይ ደረትና ፊት እናያለን፣ ድምፁ መጥፋቱ አይታወቀንም። በስልክ ግን…»

ጋሽ ሮባ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። «ድሬዳዋ ያለችው ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «እሷም ፈንታሌ ተወልዳ ያደገች ናት፣ አጣሪ አላት። ሁልጊዜ ስልክ ላይ ምነው አባዬ፣ ተቀየምከኝ እንዴ ትለኛለች። እኔም የዘንድሮ ልጅ ሆደ ባሻ ነው እያልኩ…» ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኼን ኖሯል።»

መክሊት ግን ከእሳቸው ጋር አልነበረችም። ትወጣለህ አይደል ያለችባቸው ሦስት ቅዳሜዎች ዓይኗ ላይ መጡ። ጠይቃዋለች፣ መልሶላታል፣ እሷ ደግሞ ምንም እንዳልተባለ ፈረሷን ኮርኩራ ሄዳለች። ወንድሟ ሦስት ጊዜ «አዎ እመጣለሁ» ብሎ፣ ሦስት ጊዜ ከእህቱ አንዲት ቃል አጥቷል። 

«ክፍቱን ሄድፎን ይስጡኝ። ይኼን የሚያጉረመርመውንም።»

«በደንብ አስበሽበታል? ጉምጉምታው…»

«ያጉረምርም!»

ከፍላ፣ ሁለቱን ዕቃ አቅፋ ወጣች። ደረጃውን ጨርሳ ጎዳና ላይ ስትደርስ ነው አጣሪዎቿን ሳህኑ ላይ ረስታ መምጣቷ የገባት። ከተማው ጮኸባት። ከየቱቦው፣ ከየማዕዘኑ፣ ከእግሯ ሥር ሳይቀር ያፏጫል፣ ያገሳል። የተወለደችበት ከተማ እንዲህ የሚያስፈራ ድምፅ እንዳለው አታውቅም ነበር። ተመልሳ እንዳትወስድ ሰዓቱ ሄዷል። አምፕሊፋየሩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሮጠች። ሰዎች አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ «ምን ሆነች?» ሳይሉ አልቀሩም።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ፍራሹን ከአልጋው ስባ መስኮቱ ላይ አቆመችው፣ ወንበር አስደግፋ፣ ስንጥቁን በጋቢ ጠቀጠቀችው። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሽቦዎቹን ሰካች። የመስታወት ቱቦዎቹ ግን ለማንም አይቸኩሉም። «ጋል እንጂ፣ የኔ ጌታ፣ ጋል!» እያለች ብረቱን ትለማመጠው ጀመር። ጉምጉምታው ሲጀምር አሥር ሰዓት አልፎ ነበር።

ሜዳው ተከፈተ። የታዲዮስ ፈረስ፣ ግንባሩ ነጭ የሆነው ቦራ፣ ከጎኗ ቆሟል።

«እታለም፣ ዘገየሽ» አለ ታዲዮስ። ድምፁ ሌላ ሆነባት። ሻካራ ነበር፤ ከኋላው ውኃ ይንጠባጠባል፣ አንድ ቦታ ብረት ይንኳኳል። አምስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ቦታ ሆኖ እንደሚያናግራት አታውቅም ነበር።

«መጣሁ። ጋሻህን ይዘሃል?»

ትንፋሽ። ጥርት ያለች።

መክሊት አፏን በእጇ ከደነች። «ፈረስህ ደህና ነው?»

ትንፋሽ።

«ምሳ በልተሃል?»

ትንፋሽ። ከዚያ «ምን ሆነሻል ዛሬ? ጥያቄ አበዛሽ። ይልቅ ከኋላሽ እየመጡ ነው።»

እየመጡ እንደሆነ ሰምታለች። አንዱ ከቀኝ ኋላ፣ አንዱ ከግራ፣ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ፤ ሄድፎኑ አንዱንም አላሳሳታትም። አልተንቀሳቀሰችም። የመጀመሪያው ዘንግ ጀርባዋ ላይ አረፈ።

«ታዲ፣ ለመውጣት ተመዝግበሃል?»

«እታለም፣ እየመቱሽ ነው!»

«ይምቱኝ። ተመዝግበሃል?»

ጉምጉምታው ብቻ። ይኼኛው ዝምታ እውነተኛ ዝምታ ነበር፤ ውስጡ ትንፋሽ የለበትም። «አልተመዘገብኩም» አለ በመጨረሻ። «ሌላ አምስት ዓመት ልቆይ ነው።»

«ለምን?»

«ለምን ትይኛለሽ እንዴ? ትወጣለህ ወይ አልሽኝ፣ አዎ አልኩሽ። ሦስቴ። አንድ ቀን እሰይ አላልሽም፣ ደግ አላልሽም። ፈረስሽን ኮርኩረሽ ሄድሽ። እኔም ቤቱ አንድ ክፍል ነው፣ ጩኸቴም ድሮም ያስመርራታል ብዬ ተውኩት። አልተቀየምኩሽም።»

«አልሰማሁህም እኮ! ታዲ፣ ስማኝ፣ አጣሪው ነው፣ ትንፋሹን ይበላዋል፣ እንፋሎት ይመስለዋል፣ ጋሽ ሮባን ምሳ በልተዋል ወይ ስላቸው…» ቃሉ እየተደራረበ መጣ፤ ራሷም አልገባትም። ሁለተኛው ዘንግ ትከሻዋን መታት።

«ተይው አጣሪውን» አለ ታዲዮስ። «ማንንም አትውቀሺ። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እውነቱን። ብመጣ ደስ ይልሻል?»

መለሰችለት። ሳታመነታ፣ ከልቧ፣ ከሆዷ ነው የመለሰችለት። ከዚያ ጠበቀች።

አምፕሊፋየሩ አጉረመረመ። ውኃው ተንጠባጠበ።

«እሺ» አለ ታዲዮስ ቀስ ብሎ። «ገባኝ፣ እታለም።»

ቦራው ፈረስ ዞረ። ኮቴው ወደ ቀኝ መራቅ ጀመረ፤ ቀስ እያለ፣ ከዚያ በሶምሶማ። መክሊት ምን እንደሆነ ግራ ገብቷት ባለችበት ቀረች። አፏ ገርበብ እንዳለ ነው። ደረቷ አየር እንደሞላ ነው። ያኔ ገባት። አዎ ያለችው በትንፋሿ ነበር። በከተማው ነገሩን ያወቁት እሷና ጋሽ ሮባ ብቻ፤ ካወቀች ገና ሁለት ሰዓት አልሞላትም። ልቧ ሲጠየቅ ግን የመለሰው ዕውቀቷ አልነበረም። ታዲዮስ ጆሮ ውስጥ ያለው ደግሞ ያው አጣሪ ነው።

«አዎ!» ብላ ጮኸች። «ታዲ! አዎ! ደስ ይለኛል፣ አዎ! ና! ጊታርህን ይዘህ ና! ቆርቆሮውን ንቀለው! አዎ አልኩህ፣ አዎ!»

ብድግ ስትል ወንበሩን ገፋችው፣ ፍራሹ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ተዘረጋ፣ የከተማው ጩኸት ሳያንኳኳ ገባ። በክፍቱ ሄድፎን ውስጥ እንፋሎቱ፣ ጉምጉምታውና ኮቴው ተደባለቁ። እሷ ግን ጆሮዋን አላነሳችም። ከሩቅ ቀኝ ኮቴው ቆመ። ከዚያ እየቀረበ መጣ።

«ምን አልሽ?» አለ ታዲዮስ። 

«አዎ ነው ያልኩህ!»

«ታዲያ ቅድም ምነው ዝም አልሽኝ?»

መክሊት እያለቀሰች ሳቀች። ሦስተኛው ዘንግ ጀርባዋ ላይ ሲያርፍ ጨዋታው አለቀ፤ ሜዳው ጠፋ፣ ፈረሶቹም ጠፉ። መስመሩ ብቻ ቀረ። «ስትመጣ ፊት ለፊት እነግርሃለሁ» አለችው። «አሁኑኑ ሄደህ ተመዝገብ። ትመጣለህ?»

የራሷን ትንፋሽ ያዘች። ከመስኮቱ እንፋሎቱ ያፏጫል። ከጎዳናው ያፏጫል። ከቱቦው፣ ከጣሪያው፣ ከተራራው ሆድ ያፏጫል። ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። ከዚያ ሁሉ ፉጨት መሐል አንዷ እንፋሎት አልነበረችም።